የግላኮማ ሕክምና እና የኮርኒያ ጤና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለግላኮማ ጠብታ ለሚጠቀሙ፣ ሌዘር ወይም ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸውና ሊደረግላቸው ለታሰበ ሰዎች የተዘጋጀ።

ግላኮማ የሚጎዳው ከዓይን ጀርባ ያለውን ነርቭ ከሆነ ከኮርኒያ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ኮርኒያ ከጥቁሩ የዓይን ክፍል ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። መሃሉ ላይ ያለው ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ግላኮማ የሚያጠቃው የእይታ ነርቭን ቢሆንም የዓይን ውስጥ ግፊትን የሚቀንሰው ጠብታ ወደ ዓይን ውስጥ የሚዘልቀው በዋናነት ኮርኒያን አቋርጦ ነው። የሌዘር ብርሃንም የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ፈሳሽ ለማስወጣት በቀዶ ሕክምና የሚገባው ቱቦም ብዙ ጊዜ ጫፉ የሚያርፈው ከኮርኒያ ጀርባ ባለው ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው።

ኮርኒያ ላይ ሁለት የሕዋስ ሽፋኖችን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። የላይኛው ኢፒቴሊየም ይባላል፤ ቢጫር ወይም ቢቆጣ በቀናት ውስጥ ራሱን ይተካል። የውስጠኛው ኢንዶቴሊየም ግን አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው። ሥራው ውሃን ከኮርኒያው እየሳበ በማውጣት ጥራቱን መጠበቅ ነው፤ ሕዋሳቱ ሲሞቱም አይተኩም። በወጣትነት በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 3,000 ገደማ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ በዓመት በአማካይ 0.6 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ። ወደ 500 አካባቢ ሲወርዱ ኮርኒያው ውሃ ይቋጥርና ይደፈርሳል። ጠብታ በአብዛኛው የሚያስቸግረው የላይኛውን ሽፋን ነው፤ ቀዶ ሕክምና ይበልጥ የሚያሰጋው ደግሞ የውስጠኛውን ነው።

ሕክምናው ሳይሆን ግፊቱ ራሱ ኮርኒያን ይጎዳል?

ቀስ እያለ የሚጨምር ግፊት ለረጅም ጊዜ ኮርኒያው ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። በድንገት የሚያሻቅብ ግፊት ግን የውስጠኛው ሽፋን ውሃን የማውጣት አቅም እንዳይበቃ ስለሚያደርግ ኮርኒያው በሰዓታት ውስጥ ያብጣል። እይታ ጉም ይለብሳል፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ ይታያል፣ ዓይን ክፉኛ ያማል፣ ራስ ምታትና ማስታወክም ይከተላል። ይህ የዓይኑ የፈሳሽ መውጫ በድንገት የተዘጋበት ግላኮማ ምልክት ስለሆነ ለነገ ሳይባል የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት መድረስን ይጠይቃል።

በሕፃናት ላይ ደግሞ ግፊቱ ኮርኒያውን ይለጥጠዋል። ዓይኑ ከተለመደው ተልቆ የሚታይ፣ የሚያነባና ብርሃን የሚሸሽ ሕፃን “ዓይኑ ትልቅና የሚያምር ነው” ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ጠብታውን ካስገባሁ በኋላ ለምን ያቃጥለኛል? ቀኑን ሙሉ አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁረኝስ?

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በገባበት ቅጽበት አቃጥሎ በደቂቃ ውስጥ የሚጠፋ ስሜት ብዙውን ጊዜ ከመድኃኒቱ አሲድነት የሚመጣ ነው። ለምሳሌ ዶርዞላማይድ በዚህ ይታወቃል። የሚያስቸግር ቢሆንም ጉዳት መድረሱን አያመለክትም።

ቀኑን ሙሉ የሚቆይ መቆርቆር፣ መቅላት፣ ሲያነቡ ብዥ እያለ ሲያርገበግቡት የሚጠራ እይታ ግን የላይኛው ሽፋን መቆጣቱን ያሳያል። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ጠብታው በጀርም እንዳይበከል የሚጨመርበት ማቆያ ንጥረ ነገር ነው። በስፋት የሚሠራበት ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ይባላል። እንደ ሳሙና ቅባትን የሚያሟሟ በመሆኑ የጀርሙን ሽፋን ሲያፈርስ የእንባን ቅባታማ ንጣፍ አብሮ ይበትናል፤ ንፍጥ የሚያመነጩትን ሕዋሳት ይገድላል፤ የኮርኒያውን የላይኛ ሕዋሳትም ያላላል። ማቆያ ያለበት ላታኖፕሮስት በተለምዶ 0.02 በመቶ ይይዛል፤ ይህም ከዓይን ጠብታዎች ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ይደማመራል። በቀን አንድ ጠብታ የሚጠቀም ሰው ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። ሦስት ብልቃጥ ይዞ በቀን አራት አምስት ጊዜ የሚያስገባ ሰው ግን በወራት ውስጥ ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ “መድኃኒቱ አልተስማማኝም” ከሚሉት ብዙዎቹን ያስቸገራቸው መድኃኒቱ ሳይሆን ማቆያው ነው።

ዓይኔ ደርቋል ተባልኩ፤ ታዲያ ለምን እንባ ያፈሳል?

የእንባው ቅባታማ ንጣፍ ሲሳሳ እንባ ኮርኒያው ላይ ሳይቆይ ይተናል። ኮርኒያው ሲጋለጥ ነርቮቹ ይቆጣሉ፤ ዓይንም በምላሹ ውሃማ እንባ ያጎርፋል። ይህ እንባ ቅባትና ንፍጥ ስለሚያንሰው ይፈሳል እንጂ አይለብስም። ሐኪሙ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ፍሎረሰን ዓይንዎ ላይ አስነክቶ በሰማያዊ ብርሃን ሲያይ ሕዋስ የተላጠበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ያበራል። እንባው ሳይበተን ስንት ሰከንድ እንደሚቆይም ይቆጥራል፤ ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ እንባው ፈጥኖ እየተበተነ ነው ማለት ነው። ለግላኮማ ክትትል ሲሄዱ ግፊት ብቻ ተለክቶ የሚመለሱ ከሆነና ዓይንዎ የሚቆረቁርዎት ከሆነ ይህን ምርመራ ይጠይቁ። የሚወስደው ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

የትኛው ጠብታ ኮርኒያን ምን ያደርገዋል?

ላታኖፕሮስት፣ ትራቮፕሮስት፣ ቢማቶፕሮስትና ታፍሉፕሮስት የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። ዓይንን ያቀላሉ፣ ሽፋሽፍትን ያስረዝማሉ፤ በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ያሉትን የቅባት ዕጢዎችም ሊደፍኑ ይችላሉ፤ ይህም ድርቀቱን ያባብሰዋል። ከዚህ ቀደም የኸርፐስ ቫይረስ ኮርኒያዎን አቁስሎት ከነበረ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ እነዚህ መድኃኒቶች የተኛውን ቫይረስ ሊቀሰቅሱ ይችላሉና።

ቲሞሎል የእንባን ምርት ይቀንሳል፤ የኮርኒያን የስሜት ኃይልም ያደበዝዛል። ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው፤ ኮርኒያው ተቆጥቶ ሳለ ሰውየው ብዙም ላይሰማው ይችላል። በስኳር በሽታ ወይም በኸርፐስ ምክንያት ስሜቱ ቀድሞ የደነዘዘ ኮርኒያ ካለ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። (አስም ያለበት ሰው ቲሞሎል መውሰድ የለበትም፤ ይህ ከኮርኒያ ጋር ባይገናኝም መዘለል የሌለበት ነው።) ብሪሞኒዲን በብዛት የሚያመጣው አለርጂ ነው። ከወራት በኋላ እንኳን ድንገት ዓይን ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ቆቡ ያብጣል። ይህ ሲሆን ያለው መፍትሔ መድኃኒቱን መቀየር ነው፤ በላዩ ላይ የአለርጂ ጠብታ መደረብ አይደለም።

ዶርዞላማይድና ብሪንዞላማይድ የሚያግዱት ኢንዛይም የውስጠኛው ሽፋን ውሃ ለማውጣት ከሚጠቀምባቸው አንዱ ነው። ጤነኛ ኮርኒያ ይህን ሳይቸገር ይችለዋል፤ ሕዋሱ የተመናመነ ኮርኒያ ግን ሊያብጥ ይችላል። ኔታርሱዲል የተባለው ከሌሎቹ አዲስ የሆነው መድኃኒት ከአምስት ተጠቃሚዎች አንዱ ገደማ ላይ በኮርኒያው ወለል የሚጠማዘዙ ቡናማ ስስ መስመሮችን ያሳያል። እይታን አብዛኛውን ጊዜ አይቀንሱም፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥም ቀስ በቀስ ይጠፋሉ።

ዓይኔ እስኪያርፍ ጠብታውን ለጊዜው ባቆምስ?

በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ። የተቆጣ የኮርኒያ ሽፋን ይድናል፤ የሞተ የእይታ ነርቭ ግን አይመለስም። ግፊት ከፍ ሲል ስለማይሰማም ጠብታውን ያቆመ ሰው ዓይኑ የተሻለው ይመስለዋል፤ መቅላቱ ጠፍቷል፣ መቆርቆሩም ቀርቷል፤ በዚያው ጊዜ ግን ነርቩ እየተጎዳ ነው። ለክትትል ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀር ጠብታውን መልሶ መጀመር ደግሞ ይብሳል፤ የሚለካው ግፊት ደህና ሆኖ ስለሚታይ ሐኪሙ ይሳሳታል።

ያለውን ችግር በግልጽ ይናገሩ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊቀይር፣ ሁለቱን በአንድ ብልቃጥ የያዘ ጠብታ ሊያዝ፣ ማቆያ ወደሌለው ሊያዛውርዎ ወይም ሌዘር ሊያስብ ይችላል። ኮርኒያው በጣም ከተጎዳ ለጥቂት ሳምንት ሁሉንም ጠብታ አቋርጦ በሚዋጥ አሴታዞላማይድ ግፊቱን ሊይዝ ይችላል። ይህ የሚደረገው ግን በሐኪም ክትትል ብቻ ነው። ሕመሙን ለማስታገስ ብለው በምርመራ ክፍል የሚያደነዝዝ ጠብታ ቤት ወስደው አይጠቀሙ። የኮርኒያን ቁስል እንዳይድን ያደርገዋል፤ እስከ መበሳትም ያደርሰዋል።

ጠብታ እንዴት ባስገባ ኮርኒያዬን እጠብቃለሁ?

እጅዎን ታጥበው ራስዎን ወደ ኋላ ያዘንብሉ። የታችኛውን ቆብ በጣትዎ ወደ ታች ስበው ኪስ ያብጁ፤ ብልቃጡን ከዓይን ሁለት ሴንቲሜትር ያህል አርቀው አንድ ጠብታ ብቻ ኪሱ ውስጥ ይጣሉ። ኮርኒያው ላይ በቀጥታ አይጣሉት። አንድ ጠብታ ከ30 እስከ 50 ማይክሮሊትር ያህል ነው፤ ዓይን ከዚያ በላይ አይይዝም። ስለዚህ ሁለተኛው ጠብታ ግፊቱን ይበልጥ አይቀንስም፤ ማቆያውን ግን ይጨምርልዎታል። ከዚያ ዓይንዎን በቀስታ ጨፍነው ከአፍንጫ አጠገብ ያለውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ይጫኑ። ይህ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮና ወደ ደም እንዳይሄድ ያደርጋል። አያርገብግቡ፤ የተረፈውንም ከቆቡ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ።

ከአንድ በላይ ጠብታ ካለዎት በመካከላቸው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ አለዚያ የኋለኛው የፊተኛውን ያጥበዋል። እንደ ብሪንዞላማይድ ያለ ደለል ያለበት ጠብታ በደንብ መበጥበጥ አለበት። የብልቃጡ ጫፍ ሽፋሽፍት ወይም ጣት ከነካ ይበከላል፤ የተበከለ ጫፍ የተላጠ ኮርኒያ ላይ ሲያርፍ ቁስል ይጀምራል። ላታኖፕሮስት ከተከፈተ ከስድስት ሳምንት በኋላ ብልቃጡ ውስጥ ቢተርፍም መጣል አለበት። የከፈቱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ።

ሰው ሠራሽ እንባና ኮንታክት ሌንስ አብሮ ይሄዳል?

ሰው ሠራሽ እንባ ይሄዳል፤ መቅደም ያለበት ግን የግላኮማው ጠብታ ነው። ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ እንባውን፣ ቅባት ካለ ደግሞ በመጨረሻ እሱን ያስገቡ። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚጠቀሙ ከሆነ እንባው ራሱ ማቆያ የሌለው መሆን አለበት። የቆብ ጠርዝ ዕጢዎች የተደፈኑ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በተዘጋ ዓይን ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል ማቆየት ከእንባ ጠብታ የበለጠ የሚረዳበት ጊዜ አለ።

ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ ቤንዛልኮኒየምን ይመጥጣል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ኮርኒያው ላይ ይለቀዋል። ሌንሱን አውልቀው ጠብታውን ያስገቡ፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ይመልሱ።

ማቆያ የሌለው ጠብታ ግፊትን እኩል ይቀንሳል?

አዎን፤ የሚሠራው መድኃኒት አንድ ነው። ለአንድ ጊዜ በሚውሉ ትናንሽ ፕላስቲኮች ወይም አየር እያጣራ በሚያስገባ ልዩ ብልቃጥ ይመጣል። ትንሿ ፕላስቲክ ከተከፈተች በኋላ ጀርምን የሚከላከል ነገር ስለሌላት ለነገ አትቀመጥም። ከቤንዛልኮኒየም ይልቅ ለዘብ ያለ ማቆያ ያላቸው ጠብታዎችም አሉ።

ሁሉም ሰው ማቆያ የሌለው ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። አንድ ጠብታ በቀን አንዴ የሚጠቀም፣ ዓይኑም የማያስቸግረው ሰው ባለበት ቢቀጥል ችግር የለውም። ቅድሚያ የሚገባቸው ሁለትና ከዚያ በላይ ጠብታ የሚጠቀሙ፣ ቀድሞውኑ ዓይናቸው የደረቀ፣ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውና ወደፊት የግላኮማ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸው ናቸው። የመጨረሻዎቹ ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። ለዓመታት በማቆያ የተቆጣ የዓይን ነጭ ሽፋን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጠባሳ የመሥራት ዝንባሌው ከፍ ያለ ነው፤ ጠባሳው ደግሞ አዲሱን የፈሳሽ መውጫ ይዘጋዋል።

የኮርኒያ ውፍረት የሚለካው ለምንድን ነው? ሌዚክ ከተደረገልኝስ?

ግፊት የሚለካው ኮርኒያን በመጫን ነው። ጎልድማን የሚባለው መለኪያ የተሠራው 520 ማይክሮን (0.52 ሚሊሜትር) ያህል ውፍረት ታሳቢ ተደርጎ ነው። ወፍራም ኮርኒያ ሲጫን ስለሚቋቋም ግፊቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ቀጭኑ ደግሞ ዝቅ ብሎ። ከዚህ በተጨማሪ ቀጭን ኮርኒያ ራሱን የቻለ የአደጋ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በወጣ ትልቅ ጥናት፣ ከፍ ያለ ግፊት ካላቸው ሰዎች ውስጥ ኮርኒያቸው 555 ማይክሮን ወይም በታች የሆነው፣ ከ588 በላይ ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ግላኮማ የመያዝ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል።

ሌዚክ (መነጽር ለመተው የሚደረግ የሌዘር ሕክምና) ኮርኒያን ስለሚያሳሳ ከዚያ በኋላ የሚለካ ግፊት ዝቅ ብሎ ይነበባል። “15 ነው፣ ደህና ነህ” የተባለ ሰው እውነተኛው ግፊቱ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ቁጥሩን በትክክል የሚያርም፣ ሁሉም የተስማማበት ቀመር የለም። ስለዚህ መነጽር ለመተው ሌዚክ የተደረገልዎ ከሆነ፣ ከ20 ዓመት በፊት ቢሆንም፣ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሲታይ አይታወቅምና።

ሌዘር ኮርኒያን ይጎዳል?

የፈሳሽ መውጫውን የሚያነቃቃው የኤስ.ኤል.ቲ. ሌዘር ለኮርኒያ በአጠቃላይ ደህና ነው። ለጥቂት ቀናት መጠነኛ መቅላትና ብዥታ ሊኖር ይችላል፤ ኮርኒያው የሚያብጥበት ወይም የሚደበዝዝበት አጋጣሚ እምብዛም ነው። ጠብታን ማስቀረቱ ደግሞ ለኮርኒያ ትልቅ ጥቅም ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት በዚህ ሌዘር ሕክምና ከጀመሩት መካከል 74 በመቶው ከሦስት ዓመት በኋላ ያለ ጠብታ ግፊታቸው በሚፈለገው ደረጃ ነበር። ኮርኒያው ጠብታ ያልቻለለት ሰው ሌዘርን ቀደም ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው እንላለን።

በአይሪስ (ለዓይን ቀለሙን በሚሰጠው ክፍል) ላይ ቀዳዳ የሚከፍተው ሌዘር የተለየ ነው። የሚደረገው የፈሳሽ መውጫው የጠበበ ዓይን ላይ ስለሆነ አይሪሱ ለኮርኒያው በጣም የቀረበ ነው። ብዙ ጉልበት ከፈሰሰ የውስጠኛውን ሽፋን ሊያቃጥል ይችላል።

ቀዶ ሕክምናስ? ቱቦ ከገባልኝ በኋላ ኮርኒያዬ ቢደፈርስ?

በትራቤኩሌክቶሚ ፈሳሹ ከዓይን ነጭ ሽፋን ሥር እንዲወጣ መንገድ ይከፈታል። ፈሳሹ ተጠራቅሞ ከኮርኒያ ጠርዝ አጠገብ የሚፈጥረው እብጠት በጣም ከፍ ካለ ቆቡ እንባን እኩል መቀባት ያቅተዋል፤ አጠገቡ ያለው ኮርኒያም ይደርቃል። ጠባሳን ለመከላከል የሚቀባው ማይቶማይሲን በጥንቃቄ ካልታጠበ የዓይንን ወለል ይጎዳል። ግፊቱ ከሚገባው በላይ ወርዶ ከኮርኒያ ጀርባ ያለው ጠባብ ቦታ ከጠፋና ሌንሱ ኮርኒያውን ከነካ ግን የውስጠኛው ሽፋን በፍጥነት ስለሚጎዳ አስቸኳይ ነው።

ቱቦ ለረጅም ጊዜ ኮርኒያን የሚያሰጋ ነው። ጫፉ ወደ ኮርኒያ ያዘነበለ ወይም የሚነካው ከሆነ በዚያ በኩል ያሉ ሕዋሳት ከዓመት ዓመት ይመናመናሉ። ለዚህ ነው ቱቦው ከአይሪስ ጋር ትይዩ፣ ከኮርኒያም የራቀ መሆን ያለበት። ሕዋሱ አስቀድሞ ያነሰ ሰው ላይ ከአይሪስ ጀርባ ማስገባት ይቻላል። ዓይንዎን አያሹ፤ ጫፉ ወደ ኮርኒያው ይገፋል። ሕዋሳቱ በስፔኩላር ማይክሮስኮፕ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከተቆጠሩ፣ በኋላ የሚያወዳድሩበት መነሻ ይኖራል።

መሣሪያው ትንሽ ስለሆነ ብቻ ለኮርኒያ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሳይፓስ የተባለው ጥቃቅን ቱቦ እ.ኤ.አ. በ2018 ከገበያ የተሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ መሣሪያው ከሞራ ቀዶ ሕክምና ጋር የተደረገላቸው በአማካይ 20 በመቶ ያህል ሕዋስ ሲያጡ፣ ሞራ ብቻ የተደረገላቸው 10 በመቶ ያህል አጥተዋል። መሣሪያው ያላቸው ሰዎች ሕዋሳቸውን በየጊዜው ማስቆጠር አለባቸው።

ጠዋት ስነሳ ብዥ ይላል፣ እየዋለ ይጠራል። ይህም ጠብታው ነው?

ምናልባት አይደለም። ዓይን ሌሊት ተዘግቶ ሲያድር ከኮርኒያው ውሃ አይተንም። የውስጠኛው ሽፋን የተዳከመ ከሆነ ኮርኒያው አብጦ ያድራል፤ ቀን ዓይን ሲከፈት ቀስ እያለ ይደርቃል። ድርቀት ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ቀኑ ሲገፋ የሚብስ ነው። ፉክስ የሚባለው የኢንዶቴሊየም በሽታ እንዲህ ይጀምራል። ይህ ምልክት ያለው ሰው ዶርዞላማይድ ወይም ብሪንዞላማይድ ከጀመረ በኋላ ብዥታው ከባሰበት ለሐኪሙ ወዲያውኑ ይናገር። 5 በመቶ የጨው ጠብታ ውሃውን በመሳብ ጠዋትን ያቀልላል። የፀጉር ማድረቂያ በአነስተኛ ሙቀት፣ ክንድ በሚያህል ርቀት ይዞ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ፊት ማንፈስም የሚመከር ነው።

ኮርኒያ ተተክሎልኛል፤ ግላኮማም አለብኝ። የትኛውን ላስቀድም?

አንዱን ትቶ ሌላውን ማዳን አይቻልም። የተተከለው ኮርኒያ በሰውነት መከላከያ እንደ ባዕድ ተቆጥሮ እንዳይገፋ የሚሰጠው ስቴሮይድ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለ ግፊት ደግሞ የተተከለውን ሕዋስ ይገድላል። ስቴሮይዱን በራስ ማቆም ኮርኒያውን ያሳጣል፤ የግፊት ጠብታውን ማቆምም ነርቩንም ኮርኒያውንም። መፍትሔው ሐኪሙ ግፊትን ከፍ የማድረግ ባሕርዩ አነስተኛ ወደሆነ ስቴሮይድ መቀየር፣ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ማቆያ የሌለው የግፊት ጠብታ መምረጥና እንደ አስፈላጊነቱ ቱቦ ማስገባት ነው። ያበጠ ኮርኒያ ላይ የሚለካ ግፊት ዝቅ ብሎ ሊነበብ እንደሚችልም ይወቁ።

መቅላት፣ ብርሃን መፍራት፣ የእይታ መቀነስ ወይም ሕመም ከአራቱ አንዱ ከታየ የተተከለው ኮርኒያ እየተገፋ ሊሆን ስለሚችል የቀጠሮ ቀን አይጠብቁ። ንቅለ ተከላ ባይኖርም ኮርኒያ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ የዚያኑ ዕለት ይታዩ፤ የሚጠቀሙባቸውን ብልቃጦች በሙሉ ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ የትኛው እንደተበከለ ሊያስመረምርና ከየትኛው ማቆያ ምን ያህል በቀን እንደሚደርስዎት ሊቆጥር ይችላል።